የእኔ እንሰት፣ የእኔ ኮት፣ የኤርጃቦ ፊት

ቅናት ኃጢአት ነው የሚሉ ሰዎች ጎረቤት የሌላቸው ናቸው። ይህን የምለው ተመራምሬ ሳይሆን ኖሬበት ነው። የቁምስናችን አባ በየእሑዱ ቅናትን አምርረው ያወግዛሉ። ልክ ናቸው፤ ግን እሳቸው ሰፊ ግቢ ውስጥ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ በማን ይቅኑ? ሰው በማያውቀው ሰው አይቀናም። ቴሌቪዥን ላይ አንዱ ከበርቴ ከአውሮፕላን ሲወርድ ሳይ ሻዬን ፉት እያልኩ ነው። ትናንት በአጥር በኩል ጨው የተዋሰኝ ሰው ዛሬ ተነስቶ ታዋቂ ሲሆን ግን ያው ሻይ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። እኔ ቀናተኛ ነኝ፤ አልደብቅም። ነገሩን ሰምታችሁ ስትጨርሱ ደግሞ እናንተም ትቀኑልኛላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ነገሩ ስለ ካላንደር ነው። ሆሳዕና ውስጥ ካላንደር የሚሰቀለው ቀን ለማወቅ ይመስላችኋል? ቀኑን ማን አጣው? ካላንደር የሚሰቀለው የት መሥሪያ ቤት ሰው እንዳለህ ለማሳየት ነው። ባንክ ውስጥ ዘመድ ያለው የባንክ ካላንደር ይሰቅላል፤ ኢንሹራንስ ውስጥ የሚያውቀው ያለው የኢንሹራንሱን። እንግዳ ቤትህ ሲገባ ገና ሳይቀመጥ ግድግዳህን በዓይኑ ቃኝቶ ልክህን ያውቃል። የእኔ ሳሎን ውስጥ ለዘመናት የተሰቀለው የቁምስናው ካላንደር ብቻ ነበር። ቅዱስ ነገር ነው፣ ምንም አልልም፤ ግን ለሁሉም ምእመን የሚታደል ነው።

ሥራዬ የሥነ ዜጋ መምህርነት ነው። የሕግ የበላይነት፣ ግልጽነት፣ ተጠያቂነት፣ መብትና ግዴታ፤ እነዚህን ነገሮች ለልጆች ስደሰኩር ነው የምውለው። አጥር የሚያዋስነኝ ኤርጃቦ ደግሞ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነው የሚሠራው። ጥሩ ሰው ነው። ችግሩም እሱ ነው፤ ክፉ ቢሆን ጠልቼው እገላገል ነበር። ሰው ሲታመም ቀድሞ ይደርሳል፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ይተክላል፣ ለሽምግልና ይላካል። እሱ የማያውቀው ነገር እርሻ ብቻ ነው። ግቢው ውስጥ አረንጓዴ ነገር ብትፈልጉ የምታገኙት የውኃ በርሜሉን ነው።

በእኔ አጥር በኩል ግን እንሰት አለ። እንሰት ስላችሁ ደግሞ እንደው ለወጉ የቆመ አይደለም፤ ባጃጆች ፍጥነት ቀንሰው የሚያዩት ነው። የእኔ እላለሁ እንጂ የባለቤቴ የማርታ ነው። እኔ ተክዬዋለሁ፤ የተከልኩበትን ቀን ለሰው ሁሉ እናገራለሁ። ማርታ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ባለው ዘመን ሁሉ በየማለዳው የላሟን ፍግ በቅርጫት ተሸክማ እግሩ ሥር ስታፈስ ኖራለች። ማዳበሪያ የሚባል ነገር፣ ዳፕ በሉት ዩሪያ፣ ያንን ግቢ ረግጦት አያውቅም። ከዚያ እንሰት የሚወጣው ቆጮ ገበያ ላይ ስም ነበረው፤ ሴቶቹ «የማርታ ነው?» ብለው ጠይቀው ነው የሚገዙት። ልጆቻችንን በደመወዜ እንዳሳደግኩ አወራለሁ፤ እውነቱን ቆጮው ያውቃል።

አሁን ደግሞ ስለ ኮቱ ልንገራችሁ። በእኛ ሰፈር ደህና ኮት ያለው ሰው ኮቱ የራሱ ብቻ አይደለም። ልጅ ሊጠይቅ የሚሄድ ሽማግሌ፣ ሚዜ የሚሆን፣ ፍርድ ቤት የሚቀርብ፣ ሁሉም በሬን ያንኳኳል። አልሰጥም ማለት ነውር ነው፤ ማንም አይልም። የእኔ ጥቁር ሰማያዊ ኮት ከእኔ ይልቅ ብዙ አገር አይቷል። ዳምቦያን፣ ሾኔን፣ ዱራሜን ያውቃል። እኔ ያላየኋቸውን ሠርጎች በልቷል። የደረት ኪሱ ላይ አንዲት የቀይ እስክሪብቶ ነጠብጣብ አለች፤ የፈተና ወረቀት ሳርም የፈሰሰችብኝ ናት፤ አልለቅ አለች።

አዲስ ዓመት ገብቶ መስቀል ሳይደርስ፣ ስኳር ልገዛ ሸምሱ ሱቅ ገባሁ። ሸምሱ ከጉራጌ አገር መጥቶ እዚሁ የከበረ ነጋዴ ነው፤ የአንድ ትልቅ የማዳበሪያ አስመጪ ድርጅት ወኪልም ነው። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ እነሱ ጠበቃ አላቸው፣ እኔ የለኝም። ከሸምሱ ራስ በላይ አዲስ ካላንደር ተሰቅሏል። ትልቅ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ሥዕል የያዘ። ቀና ብዬ ሳየው መጀመሪያ ያወቅኩት እንሰቱን ነው። የእኛ እንሰት። ቀጥሎ ኮቱን አወቅኩ፤ ነጠብጣቧ ሳትቀር ቁልጭ ብላ ወጥታለች። ልቤ በደስታ ዘለለ፤ ለካስ ሳላውቅ ፎቶ አንስተውኝ ኖሯል። ከዚያ ዓይኔ ከኮቱ አንገት በላይ ወጣ። እዚያ ላይ የኤርጃቦ ፊት ተቀምጦ ጥርሱን ብልጭ አድርጎ ይስቃል። ከሥሩ በወፍራም ፊደል «በማዳበሪያችን የበለጸገ ሞዴል አርሶ አደር» ይላል።

ስኳሩን ረስቼ ወጣሁ።

ኤርጃቦን ስጠይቀው አንዳች አልደበቀኝም፤ እንዲያውም ደስ ብሎት ነው ያወራኝ። ከወራት በፊት ኮቴን ተውሶ ዳምቦያ ለሽምግልና ሄዶ ነበር፤ እሱን አስታውሳለሁ። ሲመለስ መንገድ ለማሳጠር በእኛ ግቢ አቋረጠ። ይህም የተለመደ ነው፤ ግቢያችን የሰፈሩ መንገድ ነው። እኔ ትምህርት ቤት፣ ማርታ ገበያ። መኪና ያቆሙ የከተማ ሰዎች እንሰቱን ከበው ቆመዋል። ኮት ለብሶ ከእንሰት መሐል የወጣ ሰው ሲያዩ ባለቤቱ መሰላቸው። እዚህ ጋ ቁም አሉት፣ ቆመ። ሳቅ አሉት፣ ሳቀ። የማን ነው ብለው አልጠየቁትም፤ እሱም ያልተጠየቀውን መመለስ አስፈላጊ ሆኖ አልታየውም። ለምን አልተናገርክም ስለው፣ እንግዶቹን ማሳፈር መስሎኝ ነው አለኝ። ይኸውላችሁ፣ የእኛ ሰው በጨዋነት ብዛት የሰው እንሰት ይወርሳል።

መናደድ አልቻልኩም። መቅናት ግን ቻልኩ፤ በደንብ ቻልኩ።

ያ ካላንደር ያልገባበት ቤት የለም። ባንክ ሄድኩ፣ ኤርጃቦ ከገንዘብ ያዡ ኋላ ሆኖ ይስቅብኛል። ቀበሌ ሄድኩ፣ ኤርጃቦ። ፀጉር ቆራጩ ጋ ተቀመጥኩ፣ መስታወቱ ውስጥ ከእኔ ፊት ጎን የኤርጃቦ ፊት። የእኛው ርዕሰ መምህር ቢሮ ገብቼ ፈቃድ ስጠይቅ እንኳ የራሴ ኮት ከግድግዳ ላይ ቁልቁል ያየኛል። ሰዎች ኤርጃቦን «ሞዴል» ብለው ይጠሩት ጀመር። ስብሰባ ላይ ፊት ለፊት ያስቀምጡታል። ድርጅቱ ቆብና ጃንጥላ ላከለት። በዝናብ ቀን ጃንጥላዋን ዘርግቶ በደጄ ሲያልፍ ሆዴ ፍም ይመስል ነበር። አታካብድ ትሉኝ ይሆናል። የእናንተ ኮት ባንክ ግድግዳ ላይ የሌላ ሰው አንገት ተሸክሞ ታይቶ ያውቃል?

ከዚህ ሁሉ የባሰው የግብርና ጽሕፈት ቤቱ ነው። ኤርጃቦን ሾኔ ድረስ ወስደው ለገበሬዎች ምርጥ ተሞክሮውን እንዲያካፍል አደረጉት። ምን ተሞክሮ አለው? ካርድ ቁጥር ፈልጎ ማውጣት? ምን እንደተናገረ ስጠይቀው፣ ዋናው ቁርጠኝነት ነው አልኳቸው አለኝ። ለመሆኑ ጭብጨባ ነበር ወይ አልኩት። ነበር አለኝ፤ ሞቅ ያለ። ያን ቀን እራት አልበላሁም።

እንግዲህ የሕግ ሰው ነኝና፣ ቅናቴን ወደ መብት ጥያቄ ለወጥኩት። ይህ ፎቶ የማን ነው? ጥያቄውን መምህራን ማረፊያ ውስጥ ጣል ባደርገው ትምህርት ቤቱ ሁለት ቦታ ተከፈለ። ግማሹ የፊቱ ባለቤት ነው ባለመብቱ አለ። ግማሹ ያነሳው ሰው ነው አለ። አንዱ ደግሞ የኮት ባለቤትማ መብት ካለው የኮቱን ጨርቅ የሸመነው ፋብሪካም ይምጣ ብሎ አሾፈብኝ። ሸምሱ በበኩሉ ቲቸር፣ አንተ ምን ጎደለብህ አለኝ፤ ኮቱ ተመልሶልሃል፣ እንሰቱ ቆሟል፣ ፎቶ ሲያነሱት አልሳሳ። የቅጂ መብት የሚባል ነገር አለ ብዬ ልቆጣ ስል መደርደሪያው ላይ ወደ ተደረደሩት ካሴቶች በአገጩ አመለከተኝ። አንዳቸውም ከዘፋኙ ቤት የመጡ አይደሉም፤ ግማሾቹን ራሴ ነኝ የገዛሁለት። እኔስ ብሆን የማስተምርበት ማጣቀሻ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ፎቶኮፒ አይደል? እውነቱን ለመናገር፣ እኛ አገር የቅጂ መብት ትዝ የሚለን የራሳችን ነገር ሲቀዳ ነው። እኔም ትዝ አለኝ፤ ምን አጠፋሁ?

ማርታ መጀመሪያ ላይ ሳቀችብኝ። ማርታ ስትቆጣም ስትስቅም በሀዲይኛ ነው፤ አማርኛዋ ለገበያና ለጸሎት ነው። ሰውዬው ቢያምር ምን አለበት፣ ኮቱም ከአንተ ይልቅ ለእሱ ልክ ነው አለችኝ። ሚስት እንዲህ ስትል አንጀት ይቆስላል። ግን ነገሩ ሳቅ ሆኖ አልቀረም።

ኅዳር ላይ ትላልቆቹ እንሰቶች ሊያብቡ ደረሱ። እንሰት ካበበ አበቃለት፤ ጉልበቱን ሁሉ ወደ አበባው ይሰጥና ለቆጮ አይሆንም። እኔ ደግሞ እንዳይቆረጡ እፈልጋለሁ፤ ማስረጃዎቼ ናቸው። ካላንደሩን ይዤ እነሱን ፊት ለፊት አቆማለሁ ብዬ አስቤያለሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ የሰፈሩ ሴቶች ግቢያችን ውስጥ ተሰብስበው፣ ማስረጃው ተጋድሞ እየተፋቀ ነው። ሴቶች እንሰት በሚፍቁበት ቦታ ወንድ አይጠጋም። በሩ ላይ ቆሜ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፤ ከውስጥ የአንዷ ሳቅ መለሰልኝ። የሕግ የበላይነት እዚያች በር ላይ አበቃ።

ቆጮው ብስል ብሎ ገበያ ሲወጣ ነው ማርታ ሳቋ የጠፋው። ቅርጫቷን እንደተሸከመች፣ ምንም ሳትሸጥ ተመለሰች። በሚቀጥለው ገበያም እንዲሁ። ደንበኞቿ እጃቸውን ከቆጮው ላይ ይመልሱና፣ ይኸ በማዳበሪያ ያደገው ነው አይደል፣ ፋርማሲ ፋርማሲ ይላል ይሏታል። ሁሉም ቤት ካላንደሩ አለ፤ ሁሉም አይቷል። ላሜ ናት ያሳደገችው ብትል ማን ይስማት? ካላንደሩ የታተመ ነገር ነው፤ እሷ ደግሞ ቅርጫት ፊት የተቀመጠች አንዲት ሴት ናት። ማታ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ፍግ የተሸከምኩት ለዚህ ነው አለችኝ፤ በአማርኛ። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት።

በነጋታው ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ማመልከቻ የሚጽፉት አቶ ዘለቀ ጋ ሄድኩ። ድሮ ችሎት ጸሐፊ ነበሩ፤ አሁን ከጡረታ በኋላ አንቀጽ ይቸረችራሉ። በጥሞና አዳመጡኝ። እኔም ስለ ኮቱ ተናገርኩ፣ ስለ ነጠብጣቧ ተናገርኩ፣ ስለ ጃንጥላው ተናገርኩ፣ ሾኔ ላይ ስለተጨበጨበው ጭብጨባ ተናገርኩ፣ በመጨረሻም የማርታ ቆጮ አልሸጥ ማለቱን እግረ መንገዴን ጠቀስኩ። አቶ ዘለቀ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ፎቶው የአንሺው ነው፣ ፊቱ የኤርጃቦ ነው፣ እሱ ደግሞ ወዶ ቆሟል፤ ኮት ሰብእናዬ ተነካ ብሎ አይከስስም አሉኝ። እኔስ፣ ሆዴ ሲቃጠል የከረመው አልኳቸው። ለእሱ አንቀጽ የለውም አሉኝ። ከዚያ ግን ብዕራቸውን አንስተው፣ ጉዳት የደረሰባት ሚስትህ ናት፤ ድርጅቱ ውሸት አትሞ የሴትዮዋን ዕቃ አስጠልቷል፤ ይኸ ያስጠይቃል አሉ። የእኔን የኮት ታሪክ በሙሉ ሰርዘው ስለ ማርታ ብቻ ጻፉ። ማመልከቻው የተቀዳው ከአንድ የድንበር ክርክር ስለነበር አንድ ቦታ ላይ «ምሰሶውን ነቅለው» የሚል ቀርቶበት ነበር፤ እሱንም እኔ ነኝ ያስወጣሁት።

ድርጅቱ ከተማችን ውስጥ ቅርንጫፍ ቢሮ አለው። አንዲት ትሑት ልጅ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ኤርጃቦ። ልጅቷ ማመልከቻውን አንብባ በጣም አዘነች፤ ግን የሚመለከተው ክፍል አዲስ አበባ ነው አለችኝ። ካላንደሩን ያሠራው ክፍልስ? አዲስ አበባ። ፎቶ ያነሱት? አዲስ አበባ። እዚህ ያለው ኃላፊ ማነው ስላት፣ እሱም ለስብሰባ አዲስ አበባ ነው አለች። ስንት ዘመን ተጠያቂነትን ሳስተምር አንድ ቀን በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ለካስ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። እኛ ጋ የሚላከው ማዳበሪያውና ካላንደሩ ብቻ ነው። ትልቅ ድርጅት ማለት፣ ጥፋቱ ደጅህ ድረስ መጥቶ አጥፊው የማይገኝበት ነገር ነው። ኤርጃቦ ቢያጠፋ አጥር ዘልዬ አገኘዋለሁ። ይኸን አጥር ግን ከየት በኩል ትዘለዋለህ?

ማመልከቻው በአውቶቡስ ሄደ። ሌላ ሄደ። ማርታ ቆጮዋን ሰው ወደማያውቃት ወደ ሾኔ ገበያ ጭና መሸጥ ጀመረች። ድካሙ አከሳት፤ እኔም ሳያት ለጊዜው ኤርጃቦን እረሳው ነበር። ለጊዜው ነው ያልኩት።

በጋው ሊያልቅ ሲል አንድ ነጭ መኪና በራችን ላይ ቆመ። ከረባት ያሰረ፣ ሳቂታ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ የሚናገር ሰው ወረደ፤ ከድርጅቱ ሕዝብ ግንኙነት ነኝ አለ። እንዲህ ዓይነት ሰው ሲቆጡት ደስ የሚለው ነው የሚመስለው። ድርጅታቸው የዜጎችን መብት እንደሚያከብር፣ የተፈጠረው ስህተት ከልብ እንዳሳዘናቸው ነገረን። ምን እናድርግላችሁ አለ። ማርታ ሳታመነታ፣ ይህ ግቢ የእናንተን ማዳበሪያ ተጠቅሞ እንደማያውቅ ጻፉልኝ አለችው፤ እዚያው ካላንደር ላይ፣ ሁሉም ሰው በሚያየው ቦታ። ሰውየው በወረቀቱ ላይ ቃል በቃል ጻፈው። ወደ እኔ ዞሮ፣ እርስዎስ አለኝ።

እኔስ? እኔማ ስንት ወር ሙሉ ያሰብኩት ነገር ነው። ፎቶዬ ይውጣ አልኩ። የግቢው ባለቤት እኔ ነኝ፤ እኔ በግቢዬ ቆሜ ልውጣ። ሰውየው በደስታ ተቀበለ፤ እንዲያውም እኛም ይህንኑ ልንለምንዎት ነበር አለ። ይህን ሲል መጠርጠር ነበረብኝ። ወረቀት አቀረበልኝ። ማርታ አንብበው አለችኝ። ሰው ፊት አንብበው ትላለች፣ እኔን፣ ስለ መብት የማስተምረውን። ለይስሙላ በዓይኔ ሸርተት አድርጌበት ፈረምኩ። በልቤ የምቆጥረው ባንኩን፣ ቀበሌውን፣ ፀጉር ቆራጩን፣ የርዕሰ መምህሩን ቢሮ ነበር፤ በየግድግዳው ኤርጃቦ ወርዶ እኔ ስሰቀል።

ኮቴን ላመጣ ብል ኮቱ የለም፤ ኤርጃቦ ለብሶት ለተሞክሮ ወጥቷል። የትምህርት ቤት ሹራቤ ጠመኔ እንደለበሰ ይሻላል አለኝ ፎቶ አንሺው፤ ተፈጥሮአዊ ነው። ትላልቆቹ እንሰቶች የተቆረጡበት ባዶ ቦታ ላይ፣ ከቀሩት ትንንሾቹ መሐል አቆመኝ። እዚያ ጋ ቅጠሉ ለምለም ነው ስለው፣ አይ እዚህ ብርሃኑ ጥሩ ነው አለ። ፈገግ ልል ስል፣ አይሳቁ፣ ኮስተር ይበሉ አለኝ። ምሁር መሆኔ ገብቶት ነው ብዬ ግንባሬን አኮሳተርኩ። ትከሻዎን ዝቅ ያድርጉ አለኝ። ዝቅ አደረግሁ።

ከዚያ ወዲያ የነበረው ክረምት በሕይወቴ ያሳለፍኩት ጣፋጭ ክረምት ነው። ኤርጃቦ ጃንጥላዋን ይዞ ሲያልፍ በርኅራኄ ነበር የማየው። እንዲያውም አንድ ቀን፣ ወንድሜ፣ ዝና አላፊ ነው ብዬ መከርኩት። ልክ ነህ መምህር አለኝ፤ እሱ በምንም አይከፋም። መምህራን ማረፊያ ውስጥም መብቴን እንዴት እንዳስከበርኩ ደጋግሜ አስረዳሁ። ለክፍል ተማሪዎቼም በምሳሌነት አስተማርኩት፤ ፈተና ላይም አወጣሁት።

ጳጉሜን ላይ ሸምሱ ቲቸር፣ መጥቶልሃል ብሎ ላከብኝ። ፀጉሬን ተስተካክዬ ነው የሄድኩት። ሱቁ ውስጥ ሰው ሞልቷል፤ ስገባ ዝም አሉ። የክብር ዝምታ መሰለኝ። ቀና አልኩ።

ካላንደሩ ዘንድሮ ሁለት ሥዕል ነው። በቀኝ በኩል ያው የአምናው ኤርጃቦ፣ በእኔ ኮት፣ በእነዚያ ግርማ ባላቸው እንሰቶች ፊት፣ ጥርሱን ብልጭ አድርጎ። በግራ በኩል እኔ፤ ትከሻዬ ወርዶ፣ ግንባሬ ተቋጥሮ፣ ጠመኔ የነካው ሹራብ ለብሼ፣ ባዶ መሬት ላይ። ከኤርጃቦ ሥር «ማዳበሪያችንን የተጠቀመ አርሶ አደር» ይላል። ከእኔ ሥር «ማዳበሪያችንን ተጠቅሞ የማያውቅ»። ማርታ እንዳዘዘችው፣ ሁሉም ሰው በሚያየው ቦታ፣ በወፍራም ፊደል። ቃላቸውን ጠብቀዋል። ሸምሱ ስኳር በነጻ ጨመረልኝ፤ እንደዚያ የሚያደርገው ለቅሶ ለደረሰበት ሰው ብቻ ነው።

አቶ ዘለቀ ጋ በሩጫ ሄድኩ። የፈረምኩትን ቅጂ አነበቡልኝ፤ ድርጅቱ ምስሌን ለሥራው በሚስማማው መንገድ እንዲጠቀምበት በሙሉ ፈቃደኝነት ሰጥቻለሁ ይላል። አምና ቢሆን መብት አልነበረህም፤ ዘንድሮ ነበረህ፣ ሰጠህ አሉኝ። እንዲህ ዓይነት ፊርማ በዕድሜያቸው አይተው እንደማያውቁም በአድናቆት ነገሩኝ።

ሌላው ደግሞ ማርታ። ማርታ ካላንደሩን ስታይ እልል ልትል ምንም አልቀራት። በመጀመሪያው ገበያ ቅርጫቷን ሳታሳርፍ ከበቧት። ሴቶቹ ሁሉ አንብበዋል፤ ያላነበቡትም ተነቦላቸዋል። የማርታ ግቢ ማዳበሪያ አያውቅም፤ ራሱ ድርጅቱ መስክሯል፤ ባሏንማ ተመልከቱት። ቆጮዋ እኩለ ቀን ሳይሆን አለቀ። የቁምስናውን አውርዳ አዲሱን ካላንደር እሱ ቦታ ላይ ሰቀለችው፤ ከምበላበት ወንበር ፊት ለፊት። ፍትሕ ተገኘ። እኔ ደግሞ በየባንኩና በየቀበሌው ተሰቅዬ የድህነት ምልክት ሆንኩ። በየሄድኩበት የማያውቁኝ ሰዎች በሐዘኔታ ያዩኛል። የግብርና ሠራተኞች መንገድ ላይ እያስቆሙ፣ አባባ፣ አሁንም አልረፈደም ይሉኛል።

ያን ሰሞን አንድ ምሽት ከቤት ወጥቼ አጥሩ ላይ ተደግፌ ቆሜ ነበር። ኤርጃቦ አየኝ፤ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ከልቡ እንዳዘነልኝ ፊቱ ላይ ይነበባል። እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ፣ በጣም ቀስ ባለ ድምፅ፣ አይዞህ መምህር አለኝ፤ እኔም ማዳበሪያ ከመጀመሬ በፊት ልክ እንዳንተ ነበርኩ።